ለሹፌሩ ሁለት ኳስ

አናጢውን እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ሚዛን» ነበር የሚለው። ይህን ስም ያወጣለት ደግሞ የእንጨት ሥራው ሳይሆን ፑል ቤቱ ነው።

ፑል ቤቱ ከጎማ ጥገናው አጠገብ ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ክፍል ነው። ባለቤቷ ከሟች ባሏ የወረሰችው፣ ለጠረጴዛዎቹ ከሰው አብልጣ የምትሳሳ ሴት ናት። አረንጓዴው ጨርቅ ሲቀደድ የሚቀይርላት፣ የጠረጴዛው እግር ሲሰምጥ ስስ ጣውላ ሸጉጦ የሚያስተካክልላት፣ የላላውን ጠርዝ የሚያጠብቅላት ጋሽ ሚዛን ነበር። ሥራውን ሲጨርስ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጨዋታ ያያል። መጫወት ብዙም አይሆንለትም፤ ተወራርዶም አያውቅም። ማየት ግን ያውቅበታል።

ውርርድ ባለበት ቤት ትልቁ ጣጣ እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች አለመገኘታቸው ነው። ጎበዙ ደካማውን እንዲሁ ቢገጥመው በጠራራ ፀሐይ ዘረፋ ነው፤ ደካማውም ሞኝ አይደለምና እሺ አይልም። ስለዚህ ጎበዙ ኳስ ይሰጣል። ሰባት ኳሶቹን አስገብቶ በጥቁሯ ኳስ መጨረስ የሚጠበቅበት ሰው ሁለት ከተሰጠው፣ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ሁለቱ ይነሱለትና አምስት ብቻ ይቀሩታል። ጭቅጭቁ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ሰጪው «አንድ ይበቃሃል» ይላል፤ ተቀባዩ «ከሦስት በታች አልነካም» ይላል። በዚህ ሰበብ የመምቻ ዘንጉን፣ ስቲክ የተማዘዙ፣ ጥርሳቸውን ለቅመው የወጡ ሰዎች ነበሩ።

ጋሽ ሚዛን መዳኘት ከጀመረ ወዲህ ጠቡ ቀረ። እሱ ሰውየው ስንት ኳስ እንዳገባ አይቆጥርም። «ማግባትማ ቀን ሲሰጠው ማንም ያገባል» ነበር የሚለው። የሚያየው፣ ሰውየው ከመታ በኋላ መምቻዋ ነጯ ኳስ የት እንደምትቆም ነው። ችሎታውን ደብቆ ብዙ ኳስ መቀበል የሚፈልግ አስመሳይ ሆን ብሎ መሳት ይችላል፤ ነጯን ግን እጁ ለምዷልና ሳያስበው ጥሩ ቦታ ላይ ያቆማታል። እዚያ ላይ ይያዛል። ጨዋታው ሲረዝም ለጎበዙ ያደላል፣ ስለዚህ ለደካማው ይጨመርለታል፤ የጠረጴዛው ጉድጓድ ሲጠብም እንዲሁ። ፍርዱን ተናግሮ ሁለቱም ወገን ካጉረመረሙ ደስ ይለዋል። አንደኛው ፈገግ ካለ ግን «የሆነ ነገር አምልጦኛል» ብሎ ይጨነቃል። አንድ ደንብ ነበረው፦ ተጫዋቹ ራሱ ካልጠየቀው ምክንያቱን አይናገርም። ከጠየቀው ግን አያለሳልስም።

የቤቱ አንደኛ ተጫዋች የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነበር። የክር ፋብሪካው ሠራተኞች የሚመላለሱበትን አውቶቡስ የሚነዳ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ፣ ሰው የሚወደው ሹፌር። እናታቸው የሞተችው ሹፌሩ ገና ጡት በተወ ሰሞን ስለሆነ ያሳደገው ጋሽ ሚዛን ነው። አዝሎ አሳድጎታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሱ የተነሳ ሳያገባ ቀረ ይላሉ የሚያውቁት፤ እሱ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶት አያውቅም። ሹፌሩ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ጎፈሬው ሳስቶ መመለጥ ከጀመረ በኋላም «ወንድም ጋሼ» ነበር የሚለው።

ነገሩ የጀመረው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው። ሹፌሩ እየተጫወተ ሳለ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ረጅም ኳስ እንደ ክር ቀጥ አድርጎ አስገባው። ቀጥሎ ግን በቀኙ፣ መሃለኛው ጉድጓድ አፍ ላይ፣ እፍ ቢሏት የምትገባ ኳስ እያለችለት እሷን ትቶ አስቸጋሪውን መታና ሳተ። ሰዉ ሳቀበት። እሱም አብሮ ሳቀ። ጋሽ ሚዛን አልሳቀም። ወንድሙ ኳሷን የናቃት አልመሰለውም፤ ያላያት መሰለው።

ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከሱ ላይ መንቀል አቃተው። ሹፌሩ በጠረጴዛው ዙሪያ ሲሄድ ወንበር በጭኑ እየገጨ ያልፋል። ጎኑን ለማየት ዓይኑን ሳይሆን አንገቱን በሙሉ ያዞራል። ከጎኑ ሆኖ የስቲክ ጠመኔ የዘረጋለትን ሰው እስኪናገር ድረስ አያየውም። ፊት ለፊቱ ያለውን ግን ከማንም በላይ ያያል፤ ቀጥ ያለ ኳስ አይስትም። ስለዚህ ሌላው ሰው ምንም ባይጠረጥር አይፈረድበትም። ጋሽ ሚዛንን እንቅልፍ የነሳው ግን ጨዋታው አልነበረም። ይህ ሰው በየንጋቱ አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ ጭኖ ይነዳል። መንገድ ላይ ደግሞ ሰው የሚመጣው ከጎን ነው።

አንድ ቀን ከሥራ መልስ ወደ እንጨት ቤቱ ጠራው። ሹፌሩ ገና ቀለም ያልተቀባ ቁም ሣጥን ተደግፎ ቆመ።

«ዓይንህን ተመርመር» አለው ጋሽ ሚዛን።

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«የጎኑን አታይም።»

ሹፌሩ ሳቁ መጣ። «ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ቆሜ የጢምህን ሽበት ልቁጠርልህ?»

«ሽበቴ ፊት ለፊትህ ነው። እኔ የምልህ የጎኑን ነው።»

«እሺ በቃ፣ እመረመራለሁ።»

«መቼ?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ተመርምሬስ? ወረቀቱን ለስምሪት ኃላፊው ልስጠውና ቁልፉን ይቀበለኝ? ከዚያ ምን ልሁን? አንተ ዘንድ እንጨት ልላግ? ልጆቼ ምን ይቅመሱ?»

«እኔ አለሁ።»

«አንተማ መቼ ጠፍተህ ታውቃለህ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲደክመኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ። አንገቴን ዞር ካደረግኩ ሁሉም ነገር ይታየኛል። አደራህን፣ ይህን ለማንም እንዳትተነፍስ። በእናታችን።»

በእናታቸው ሲባል ጋሽ ሚዛን ምላሱ ተሳሰረ። የወንድሙን ሚስት ፈራ ተባ እያለ ቢጠይቃት፣ «አንዳንዴ ከጎኑ ያስቀመጥኩለትን ብርጭቆ በክንዱ ይደፋዋል፤ ድካም ነው ጋሼ፣ በሌሊት እየተነሳ» አለችውና ማልቀስ ጀመረች። ተዋት። አንድ ማለዳ ደግሞ እስከ አውቶቡሶቹ ግቢ በር ድረስ ሄዶ፣ ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው?» ሲለው «ተሳስቼ ነው» ብሎ ተመለሰ።

በዚህ መሃል ጎሚስታው ተነሳ። ጎሚስታው የፑል ቤቱ ጎረቤት፣ ጎማ ጠጋኝ ነው። ዘወትር ከሹፌሩ ሁለት ኳስ እየተቀበለ ዘወትር የሚሸነፍ፣ ተሸንፎም ተስፋ የማይቆርጥ ሰው። አዲስ የንፋስ መሙያ ማሽን በገዛ ሰሞን ልቡ አበጠና ማሽኑን አስይዞ እንግጠም አለ። ሹፌሩ ሞተር ብስክሌቱን አስያዘ። ስንት ኳስ ይሰጥ የሚለውን እንደ ልማዱ ጋሽ ሚዛን እንዲበይን ተስማሙ።

«ሌላ ሰው ይዳኛችሁ» አለ ጋሽ ሚዛን።

«ምን ሌላ ሰው አለ!» አሉት ባንድ አፍ።

እሁድ ከምሳ በኋላ ፑል ቤቱ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አብዛኛው የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት በሹፌሩ አውቶቡስ የሚሳፈር ሕዝብ። ባለቤቷ የጠረጴዛውን ጨርቅ በብሩሽ አጸዳች። ሹፌሩ ከጠረጴዛው ራስጌ ስቲኩን ተመርኩዞ ቆመ። ጋሽ ሚዛን በቀኙ በኩል ቆመና መዳፉን ጠርዙ ላይ አሳረፈ።

«ጎሚስታው ለሹፌሩ ሁለት ኳስ ይሰጣል» አለ።

መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ምላሱ የተሳሳተ መስሎት ነው። ጎሚስታው ራሱ፣ «ጋሽ ሚዛን፣ ገለበጥከው እኮ!» አለ።

«አልገለበጥኩትም።»

ሹፌሩ ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ ወንድሙ አዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለምን?» አለው።

«አትጠይቀኝ።»

«በሰው ፊት ተናግረህ የለ? በሰው ፊት ንገረኝ። ለምን?»

ጋሽ ሚዛን ደንቡ ነውና ተናገረ። «የጎኑን አያይም። በቀኙም በግራውም ያለው ነገር አይታየውም። ጎሚስታው ሙሉውን ጠረጴዛ ሲጫወት እሱ ግማሹን ነው የሚጫወተው። ስለዚህ ሁለት ኳስ ይገባዋል።» ከዚያ ወደ አግዳሚዎቹ ዞረ። «አውቶቡሱንም የሚነዳው እንዲሁ ነው።»

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያች ቅጽበት ጋሽ ሚዛን መዳፉ ሥር አንዲት ኳስ ነበረች። ጠርዙ ላይ፣ ከወንድሙ ክርን አጠገብ፣ በቀኝ። እጁን አንስቶ «ፊትህን ሳታዞር፣ እዚህ ያለችው ኳስ የትኛዋ ናት?» ቢለው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ይህን አስቦበታል፤ ኳሷንም ያስቀመጣት ለዚሁ ነው። ሹፌሩ ግን በልጅነቱ ሊገርፉት ሲሉ እንደሚያይ ነበር የሚያየው። ጋሽ ሚዛን አንጀቱ እሺ አላለውም። ኳሷን ወደ ሌሎቹ አንከባለላት።

ሹፌሩ ሌላ ነገር እንዳልተከተለ ሲያይ ነፍስ ዘራ። ከት ብሎ ሳቀ። «ሰማችሁ? ወንድሜ ሲያረጅ የራሱን ዓይን ትቶ የኔን ይመረምር ጀመር!» ሰዉ ሳቀለት። «እኔ የማንንም ኳስ አልቀበልም። እንደ ድሮው ሁለት እኔ እሰጠዋለሁ። ሦስት ጨዋታ ቀድሞ የወሰደ ያሸንፋል። ከተሸነፍኩ ሞተሩን ይውሰድ፣ ነገ ጠዋት ቁልፉን ለስምሪት አስረክባለሁ። ካሸነፍኩ ግን ዓይኔ ዓይን ነው፤ ይህን ወሬ ሁለተኛ መስማት አልፈልግም!»

«በጨዋታ ዓይን አይመረመርም!» አለ ጋሽ ሚዛን። ማን ይስማው? ጭብጨባው ጣሪያውን ሊገነጥለው ደርሷል።

የመጀመሪያውን ጎሚስታው ወሰደ። ሹፌሩ ጎን ያሉትን ኳሶች እየዘለለ ሲስት፣ ከኋላ ያሉት ማንሾካሾክ ጀመሩ። ጋሽ ሚዛን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሙን መሸነፍ በልቡ ለመነ። ሁለተኛውን ሹፌሩ ወሰደ። እንዲህ እየተናነቁ ሁለት ለሁለት ደረሱ። በመጨረሻው ጎሚስታው ኳሶቹን ሲበትን፣ ነገር ሲገጥም እንዲህ ነው፣ የሹፌሩ ኳሶች በሙሉ ማዶ ማዶ ሄደው ተደረደሩ። ሁሉም ፊት ለፊት። ሁሉም ቀጥ ያለ። አንድ በአንድ አስገባቸው። ጥቁሯን ሲመታ እንኳ አልተጠነቀቀም።

ሰዉ ሹፌሩን በትከሻው አንስቶ ጨፈረ። ጎሚስታው ማሽኑን ሊያወጣ ሄዶ ቱቦውን ሲነቅል፣ ሹፌሩ ከሰው ትከሻ ላይ ሆኖ «ተወው አንተ! እዚያው ጎማህን ሙላበት!» ብሎ ጮኸ። በዚህ ደግሞ ይበልጥ ወደዱት። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ባለቤቷ ብሩሿን ይዛ ወደ ጋሽ ሚዛን ቀረበች። «ዛሬስ አልሆነልህም» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወንድምህን እንዲህ በአደባባይ…»

«ሁለት ኳስ ይገባዋል» አለ።

ሰኞ ጠዋት ሳይነጋ ተነስቶ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ቆመ። ምናልባት አንድ ሁለት ሰው ይቀር ይሆናል ብሎ ነው። ማንም አልቀረም። ሞልቶ ሄደ። አንዱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጋሽ ሚዛን፣ መነጽር ይግዙ!» አለው። የዚያን ዕለት ከመቆሚያው በቀጥታ ወደ ግቢው ሄደ፤ አሁንስ በሩ ላይ አልተመለሰም። የስምሪት ኃላፊው ሰምቶት ሲያበቃ ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለ።

«ትናንት ሁለት ኳስ ሰጥቶ ያሸነፈውን ሰው ነው አያይም የሚሉኝ?»

«አንድ ጨዋታ ምንም አያሳይም። ያስመርምሩት፣ እባክዎ። በእግዜር።»

«አባቴ፣ የቤተሰብ ጠብ ወደ ሥራ ቦታ አይምጣ» አለና በሩን አሳየው።

ሹፌሩ ከዚያ በኋላ ወንድሙን አላናገረውም። መንገድ ላይ ሲተላለፉ ጋሽ ሚዛን ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ ሹፌሩ ፊት ፊቱን እያየ ያልፋል። ጋሽ ሚዛን በየጊዜው ራሱን የሚጠይቀው፣ አኩርፎኝ ነው ወይስ ስላላየኝ የሚለውን ነበር። ፑል ቤት መሄዱንም ተወ። ኳስ እንዲያመዛዝን የሚጠራውም አልነበረም።

አደጋው የደረሰው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ከሌሊት ተራው የወጣ የመጋዘን ጠባቂ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ከቀኝ በኩል ካለው መንገድ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ቀኑ ነግቷል፤ ጭጋግ የለም፤ መንገዱ ባዶ ነው። የፊተኛው ወንበር ላይ የነበሩት ሠራተኞች ሰውየውን ከሩቅ አይተውት ነበርና ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል ብለው ጠበቁ። አልያዘም። ሲጮኹበት ጊዜው አልፏል።

ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሹፌሩ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። «ማንም አልነበረም» ይላል። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም!» ይህን ሲል ከተሳፋሪዎቹ አንድም ሰው ቀና ብሎ ያየው የለም።

ሐኪም ቤት ሲወስዱት የዓይን ግፊት መሆኑ ታወቀ። ሐኪሙ፣ በሽታው ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ የሚበላ፣ የማያም፣ የማያሳክክ፣ ሰውየው ራሱ ሳያውቀው ብዙ የሚሄድ ነው አለ። የጠፋው አይመለስም። ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ በጠብታ ባለበት ይቆም ነበር።

ጋሽ ሚዛን ሟቹ ቤት ለቅሶ ሄደ። ማንም ሂድ አላለውም። ዳር ካለ በርጩማ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። ሚስትየው ለለቅሶ የመጣውን ሁሉ በዓይኗ እየለየች እሱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የማን ወገን ነዎት አባቴ? አላወቅኩዎትም።»

«የሹፌሩ ወንድም ነኝ» አለ።

አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ራቅ ራቅ አሉ። አንድ ጎረምሳ ሊያስወጣው ብድግ ሲል እሷ በእጇ ከለከለችው።

«ጠባቂ ነበር እኮ» አለችው። «መንገድ ሲሻገር ሁለቴ የሚያይ ሰው ነበር።»

ጋሽ ሚዛን፣ ወንድሜ እንደማያይ አውቅ ነበር ሊላት ፈልጎ ነበር። ሳይላት እስኪመሽ ድረስ እዚያው ተቀመጠና ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ።

ሠራተኞቹ አንድ ሁለት እያሉ ይቅርታ ሊሉት ወደ እንጨት ቤቱ መጡ። ያ ደግሞ ከስድቡ የባሰ ሆነበት። አሁን ስሙን ሲጠሩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ስንት ኳስ ይሰጥ ብለው የሚልኩበት ሰዎች መጡ። «ተውኩት» ብሎ መለሳቸው። ጎሚስታው መጥቶ ሰጋቱራው ላይ ቁጢጥ አለና እንደ ሴት አለቀሰ።

«የመጨረሻዋን ብበልጠው ኖሮ!» አለ። «እኔ ነኝ ኳሶቹን እንዲያ የበተንኳቸው።»

«ኳስ መበተን ኃጢአት አይደለም» አለው ጋሽ ሚዛን። «ተነስ፣ ሥራህ ላይ ሂድ።»

ሹፌሩ ተፈረደበት። እስር ቤት እያለም ወንድሙን ለማግኘት ለረጅም ጊዜ እምቢ አለ። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ሄደች፤ ጋሽ ሚዛን የሠራውን ወንበርና ጠረጴዛ እየሸጠ የሚልክላትን ትቀበላለች እንጂ ደብዳቤ እንኳ አትመልስም። ሹፌሩ ሲፈታ በር ላይ የጠበቀው ጋሽ ሚዛን ብቻ ነበር። ሌላ መሄጃ ስላልነበረው አብሮት ሄደ።

አሁን እንጨት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረው ይኖራሉ። ሹፌሩ የሚታየው ከፊቱ የሳህን ስፋት ያህል ነው። ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ጣቶቹ ከዓይኑ ይሻላሉ። ሰው ሲመጣ ዝም ይላል። ያ ሁሉ ጨዋታና ሳቅ የት እንደገባ አይታወቅም።

ጠዋት ጠዋት ጋሽ ሚዛን የዓይን ጠብታውን ያደርግለታል። ስለዚያ እሁድ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። አንድ ቀን ሹፌሩ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጠብታውን እየጠበቀ፣ በድንገት ተናገረ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን ብሸነፍ ኖሮ ቁልፉን የማስረክብ መስሎህ ነበር?»

ጋሽ ሚዛን ጠርሙሷን እንደያዘ ቆመ። «ብለህ ነበር እኮ። በሰው ፊት።»

«ብዬ ነበር» አለ ሹፌሩ። «አላስረክብም ነበር። ቀኑ አልሆነልኝም፣ ስቲኩ ተጣሞ ነው፣ የሆነ ነገር እል ነበር። ሰኞ እነዳ ነበር። ብዙ አስቤበታለሁ።»

ጋሽ ሚዛን ይህ ነገር ያቀለለት ይሁን ያባሰበት አላወቀም። ጠርዙ ላይ ያስቀመጣት ኳስ ትዝ አለችው፤ ስለሷ ግን ምንም አላለም። የወንድሙን የግራ ዓይን ሽፋን በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ ጠብታዋን ጠብ አደረገለትና፣ «አታርገብግብ» አለው።